እጅ ለመሪው፣ ልብ ለመንገዱ

አሮጌ የመኪና ቴፕ ስልክ እንዲያነሳ ሲደረግ፦ ከሽቦው እስከ ሰላምታችን

ስልኩ ከመጮኹ በፊት ስፒከሩ ያውቃል። በታክሲ የሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። ሬዲዮው ዜና እያሰማ ሳለ «ድ-ድ-ድ፣ ድ-ድ-ድ» የሚል ነገር መሀል ይገባል። ስልኩ ገና ሳይጮኽ ሾፌሩ ኪሱን ይዳብሳል፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ስልኩ ይጠራል። ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮም የእሷ መስሏት ቦርሳዋን ትከፍታለች።

ሁላችንም የሰማነው፣ ምን እንደሆነ የጠየቅነው ግን ጥቂቶች የሆንን ድምፅ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ ሞገዱን እንደ ቧንቧ ውኃ ሳያቋርጥ አያፈስም፤ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገ በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይረጨዋል። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተጋደመው ቀጭን ሽቦ ሳይጠየቅ አንቴና ይሆንና ርጭቱን ይቀበላል፤ ቴፑ ደግሞ የደረሰውን ሁሉ አጉልቶ ያሰማል። ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ስልክና የመኪና ቴፕ እንዲህ ሳይተዋወቁ ሲጎሻሸሙ ኖረዋል።

በወጉ ላስተዋውቃቸው የሚል ባለሙያም አብሮ ኖሯል። ጥሪ ሲመጣ ዘፈኑ ዝም ይላል፣ የደዋዩ ድምፅ በመኪናው ስፒከር ይወጣል፣ የሾፌሩ ሁለት እጅ ከመሪው አይነሳም። አዲስ መኪና ይህን ከፋብሪካው ይዞ ይመጣል። አሮጌው ግን ካቻቢቴና ሽቦ የያዘ፣ ሽቦውንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ ገባሁ።

ሶማሌ ተራ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሶማሌ ተራ ለመኪና ዕቃ የሚኬድበት ሰፈር ነው። ፓውዛ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ በየበሩ ተሰቅሏል። ዋናውን መንገድ ትቼ ወደ ውስጥ ስገባ ቁመቷ ከሰው ብዙም የማይበልጥ አንዲት ሱቅ አገኘሁ። መደርደሪያዋ ላይ ከየመኪናው የወጡ ቴፖች እንደ መጽሐፍ ተደርድረዋል። ካሴት ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ እኛ ግን አሁንም «ቴፕ» እንለዋለን፤ የሲዲውንም፣ የፍላሹንም፣ ባለ ስክሪኑንም።

ባለሙያው ሃያዎቹን ያላገባደደ ወጣት ነው። ደጁ ላይ የቆመው ነጭ ሚኒባስ ተማሪ የሚያመላልስ ሰርቪስ ሲሆን፣ ባለቤቱ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ባለ ስክሪኑን አልገጥምልዎትም? ብሉቱዙም፣ ካሜራውም አብሮት አለ።»

«ተው ልጄ። ይኼ ቴፕ ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፤ ድምፁም ደህና ነው። ስክሪን ደግሞ ልጆቹን ያፈዛል፤ እኔንም ያፈዘኛል። ስልኩን ብቻ አገናኝልኝ።»

ለምን እንደፈለጉት ጠየቅኋቸው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ስልካቸው አያርፍም። «የት ደረሱ?» የምትል እናት አለች። «ዛሬ ልጁ ታሟል፣ አይምጡ» የሚል አባት አለ። «ምሳ ዕቃውን ረስቶታል፣ ቢመለሱ» የምትል የቤት ሠራተኛም አለች። እስካሁን ስልኩን በትከሻና በጆሮ መካከል አጣብቀው ያነሱ ነበር። ባለፈው ወር አንገታቸውን አጣመው እያወሩ አንዲት ሴት ከነልጇ ዜብራው መሀል ስትደርስ አዩአት። ፍሬኑ ያዘ። «ያን ቀን እግዜር ነው ያተረፈኝ» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩበትም።

የሚደውሉት የልጆቹ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ተቀምጠዋል። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

«የሚደውሉት የልጆቹ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ተቀምጠዋል።»

ስልክ መጀመሪያም የመኪና ነበር

እ.ኤ.አ. በ1930 ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ ቺካጎ ውስጥ በነበረችው ድርጅታቸው መኪና ላይ የሚገጠም ሬዲዮ ሠሩ። «ሞተር» የሚለውን ቃል ከዘመኑ የሸክላ ማጫወቻዎች የስም ማሳረጊያ ጋር አጋብተው «ሞቶሮላ» አሉት። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ትልቁ ራስ ምታት ዛሬ ሶማሌ ተራ ላይ የሚሰማው ራሱ ነበር፤ ካንዴላው እሳት በጫረ ቁጥር ሬዲዮው ይንጫጫል። ክርክሩም የዛሬውን ይመስላል። ሬዲዮ ሾፌሩን ያዘናጋል፣ አደጋ ያመጣል የሚሉ ወገኖች ተነስተው ነበር።

ስልክም ቢሆን በእጅ ከመያዙ በፊት መኪና ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 ሴንት ሉዊስ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ የመኪና ስልክ አገልግሎት ሲጀመር መሣሪያው ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ማን በእጁ ሊይዘው? ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ማርቲን ኩፐር የተባለ መሐንዲስ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ስልክ ደወለ። የሚሠራው የዚያን ሬዲዮ ስም ለያዘችው ለሞቶሮላ ነበር። ለመኪና ሬዲዮ የሠራው ድርጅት ስልክን ከመኪና አውጥቶ በእጃችን አስያዘን ማለት ነው።

ስልኩን ይዘን ወደ መኪናው ስንመለስ ችግሩ ተጀመረ፤ መሪ የሚይዘው እጅ ስልክም ያዘ። በሶማሌ ተራዋ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ስልኩን ከእጅ ወስዶ ወደ መጣበት ወደ መኪናው አካል መመለስ ነው።

መንገዱ ብዙ ነው

ስልክን ከአሮጌ ቴፕ ጋር የሚያገናኙ ዘዴዎች እንደየኪሱ ይለያያሉ። ቀላሉ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሽ የኤፍኤም ማሰራጫ ነው። ስልኩን በብሉቱዝ ይይዝና ድምፁን ባዶ በሆነ የኤፍኤም መስመር ላይ ይለቃል፤ ቴፑ ሬዲዮ የያዘ መስሎት ያሰማል። ሽቦ መንካት አያስፈልግም። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ባዶ መስመር ማግኘት ቀላል አይደለም። 97.1 አለ፣ 98.1 አለ፣ 102.1 አለ፣ በመካከላቸውም ሌሎች አሉ። የማሰራጫው ጉልበት ደካማ ስለሆነ መስመሩ ከጣቢያ ጋር ከተጠጋ ጣቢያው ይውጠዋል፤ የሚስትህ ድምፅ በማስታወቂያ መሀል እየገባ እየወጣ ይመጣል።

ሁለተኛው ካሴት የሚመስለው ማገናኛ ነው። ውስጡ ክር የለውም፤ በክሩ ፋንታ ትንሽ ማግኔታዊ ራስ አለው። ከስልኩ በሽቦ የሚመጣው ድምፅ ወደዚያ ራስ ይሄዳል፣ የቴፑ ራስም እንደ ካሴት ያነበዋል። ብልሃቱ ያስደንቃል። ሆኖም ድምፅን ወደ ስፒከር ያመጣል እንጂ የሾፌሩን ድምፅ ወደ ደዋዩ አይወስድም፤ ለመናገር ወደ ስልኩ ማዘንበል ይቀራል።

ሦስተኛው ከውጭ ድምፅ የሚቀበል የኦክስ ቀዳዳ ላለው ቴፕ ነው፤ ትንሽ የብሉቱዝ ሳጥን ይሰካበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ብሉቱዝ አንድ ሥራ ብቻ አይሠራም፤ ዘፈን የሚያስተላልፍበት ደንብና ጥሪ የሚያስተላልፍበት ደንብ የተለያዩ ናቸው። ርካሹ ሳጥን ብዙ ጊዜ የዘፈኑን ብቻ ያውቃል። ባለቤቱ ዘፈን ሲመጣለት ይደሰታል፤ ጥሪ ሲመጣ ስፒከሩ ጭጭ ይልና ስልኩ ኪስ ውስጥ ይንጫጫል። ሲገዙ «ጥሪ ይቀበላል ወይ? ማይክስ አለው?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምልልስ ያድናል።

ወጣቱ ለሚኒባሱ የመረጠው አራተኛውን ነው፤ ጥሪ የሚቀበል፣ የራሱ ማይክና የራሱ ትንሽ ማጉያ ያለው የብሉቱዝ ቦርድ። ይህ የቴፑን ሆድ መክፈት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከቴፑ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ማወቅ ነው።

ከቴፑ ጀርባ

የመጀመሪያው ሥራ መሥራት አይመስልም። ከመኪናው ባትሪ ላይ ኔጌቲቩን ፈታ። «አንዳንዱ ቴፕ ኮረንቲ ሲቋረጥበት ኮድ ይጠይቃል» አለኝ፤ «ኮዱን ሳልጠይቅ ፈትቼ ባለቤቱ ወር ሙሉ ያለ ሬዲዮ ሄዷል። አሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።» ከዚያ ዙሪያውን የያዘውን ፕላስቲክ አነሳ፣ ብሎኖቹን ፈታ፣ ቴፑን ጎትቶ አወጣው። ከጀርባው የሽቦ ጥቅል ተከትሎት መጣ።

ለማያውቅ ሰው የተዘበራረቀ ክር ነው፤ ለሚያውቅ ግን ይነበባል። ከሱቅ በሚገዙ ቴፖች ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለበት ነው፤ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች እንዳይረሳ ያደርጋል። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኮረንቲ ያገኛል። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ነጩ የፊት ግራ፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ ስፒከር ናቸው፤ ጥቁር መስመር ያለበት መንትያቸው ኔጌቲቩ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ቴፕ ግን በዚህ ቀለም አይገዛም። ደግሞም ቢጫና ቀዩ ቦታ የሚቀያየሩባቸው መኪኖች አሉ፤ የቮልስዋገን ቤተሰብ በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ ወጣቱ ቀለምን አያምንም። ቴስተሩን አወጣ፣ ባትሪውን መልሶ አሰረ፣ በየሽቦው ላይ ነካ። ቁልፉ ጠፍቶ 12 ቮልት ያሳየው አንዱ ነው። ቁልፉ ሲዞር የነቃው ሌላው ነው። ሁለቱን በፕላስተር ምልክት አደረገባቸውና ባትሪውን እንደገና ፈታው። ለብሉቱዙ ቦርድ የሚሆነው ሁለተኛው፣ ከቁልፉ ጋር የሚነቃው ነው። ከመጀመሪያው ከተወሰደ ቦርዱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያድራል፤ መኪናው ጥቂት ቀን ከቆመ ሰኞ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም።

ከዚያው ከሽቦው ሥር ትንሽ ፊውዝ አስገባ። «ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል» አለ። ሽቦ ተፋፍቆ ከብረት ጋር ቢነካካ የምትቃጠለው ያቺ ናት፤ እሷ ከሌለች የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ ያለው ከዳሽቦርድ ፕላስቲክ ሥር ነው። ቦርዱ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነበርና ከባትሪው የሚመጣውን የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ጨመረ። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ቮልቱን ወደ 14 ስለሚያደርሰው ያለዚያ መሣሪያ ቦርዱ አንድ ቀንም አይቆይም።

«ለማያውቅ ሰው የተዘበራረቀ ክር ነው፤ ለሚያውቅ ግን ይነበባል።»

አንድ ስፒከር፣ ሁለት ጌታ

የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። በሾፌሩ በኩል ያለው የፊት ስፒከር ለቴፑም ለስልኩም እንዲያገለግል ተፈልጓል። ሁለቱን ባንድ ላይ ማሰር ግን አንዱ የሌላውን ማጉያ ያቃጥላል። ስለዚህ መካከል ላይ ሪሌ የሚባል መቀያየሪያ ይገባል። ጥሪ በሌለ ጊዜ ስፒከሩ ከቴፑ ጋር ነው። ጥሪ ሲመጣ ቦርዱ ምልክት ይሰጣል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ስፒከሩ ከቴፑ ተላቆ ከስልኩ ጋር ይገናኛል። ሲዘጋ እንደገና ቀጭ።

ጀማሪ የሚሳሳተው በኔጌቲቩ ነው። «ኔጌቲቭ ሁሉ ያው ነው» ብሎ የስፒከሩን አንድ እግር ከመኪናው ብረት ጋር ያገናኘዋል። በዛሬዎቹ ቴፖች የስፒከሩ ሁለቱም ሽቦ ከማጉያው የሚመጣ ሕያው ሽቦ ነው፤ አንዱን ብረት ማስነካት የማጉያውን ቺፕ መግደል ነው። ለዚህ ነው ወጣቱ ሁለቱንም ሽቦ ባንዴ የሚቀይር ሪሌ የመረጠው።

የቀሩት ስፒከሮችስ? ከብዙ ቴፖች ጀርባ የስልክ ዝምታ ተብሎ የተተወ አንድ ሽቦ አለ። ከኔጌቲቭ ጋር ሲነካካ ቴፑ ድምፁን ይውጣል፤ ሲላቀቅ ይመልሳል። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ በፕላስተር ተጠቅልሎ ዕድሜውን በጨለማ ይጨርሳል። ወጣቱ ይህን ሽቦ ሲያገኝ ፊቱ በራ። «አየህ፣ ቴፑን የሠራው ሰው ይህቺን ቀን አስቦ ነበር» አለኝ።

ማይኩን የት ማድረግ እንዳለበት ከሽቦው የበለጠ አስጨነቀው። ከአፍ መራቅ የለበትም፣ ከስፒከር መቅረብ የለበትም፣ ነፋስ የሚተፋው ቀዳዳ ፊት መሆን የለበትም። በመጨረሻ ከሾፌሩ የፀሐይ መከላከያ አጠገብ ሰካው፤ ሽቦውንም በበሩ ማዕዘን ቋሚ ሥር አሳለፈው። መደበኛ ሽቦ ሳይሆን ዙሪያውን የብረት መረብ የለበሰ ነው የተጠቀመው፤ መረቡ ያንን «ድ-ድ-ድ» እና የሞተሩን ጫጫታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

ከመሪው ሥር ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ቢጫ ሽፋን የለበሰ ወፈር ያለ የሽቦ ጥቅል አሳየኝ። «ይህ የኤርባግ ነው። ቴስተር እንኳ አላስነካውም።» የቴፑ ቢጫ ሌላ፣ ይህ ቢጫ ሌላ። ኤርባግ ባለበት መኪና ከሚፈነዳበት ቦታ ፊት የስልክ መያዣ መለጠፍም ያው አደጋ ነው፤ በግጭት ጊዜ መያዣው ከነስልኩ ወደ ተቀመጠው ሰው ፊት ይወረወራል።

ጩኸት፣ ማሚቶ፣ ገመና

ባትሪው ታሰረ፣ ቁልፉ ዞረ፣ ስልኩ ከቦርዱ ጋር ተጣመረ። ወጣቱ ከሱቁ ውስጥ ደወለ። ሪሌው ቀጭ አለ፤ ሬዲዮው ጸጥ፤ «አሎ ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» የሚል ድምፅ ከበሩ ወጣ። አዛውንቱ ፈገግ አሉ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ቀጭን ፉጨት መጣ፤ ነዳጅ ሲሰጡት ፉጨቱም አብሮ ከፍ ይላል።

ይህን ፉጨት ራሳቸው ለመሥራት የሞከሩ ሁሉ ያውቁታል። ቦርዱ ኔጌቲቩን ከአንድ የመኪናው ብረት፣ ቴፑ ከሌላ ብረት ሲወስዱ በሁለቱ መካከል ጥቂት የኮረንቲ ልዩነት ይፈጠራል፤ የዲናሞው ሁካታ በዚያ ልዩነት ሾልኮ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ወጣቱ የቦርዱን ኔጌቲቭ ፈትቶ የቴፑ ጥቁር ሽቦ ከታሰረበት ከዚያው ብሎን ላይ አሰረው። ፉጨቱ ቆመ። በዚህ ካልቆመ ድምፁን በማግኔት ብቻ የሚያሻግር፣ ሽቦ ለሽቦ የማያገናኝ ትንሽ መለያ ይገባበታል።

ቀጥሎ ማሚቶ። ደዋዩ የራሱን ድምፅ ከሩቅ ሲመለስ ይሰማል፤ የእሱ ድምፅ ከስፒከሩ ይወጣል፣ ማይኩ ያገኘዋል፣ ወደ እሱ ይልከዋል። ደህና ቦርድ በስፒከሩ የላከውን ስለሚያውቅ ማይኩ ከያዘው ላይ ይቀንሰዋል። ድምፁ ከልክ በላይ ሲከፈት ግን ቅነሳው አይበቃውም። ድምፁን ዝቅ ማድረግና ማይኩን ከስፒከሩ ማራቅ ቺፕ ከመቀየር ይቀድማል።

የመጨረሻው ችግር በቴስተር የሚለካ አይደለም። ጥሪው በስፒከር ሲወጣ መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል። በስልክ ጥሪ ደንበኛ የሚጭን አንድ ሾፌር ያጫወተኝ አለ፤ አክስቱ ደውለው ስለ ውርስ ክርክር ሲያወሩ ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ፍርዷን ሰጠች። ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። «የቤተሰቤን ገመና ለማላውቃት ሰው አሰማሁ» አለ። ስለዚህ ጥሪ ሲያነሳ የመጀመሪያ ቃሉ «ሰው ጭኛለሁ» ሆኗል። ደዋዩ በስፒከር እየተሰማ መሆኑን የማወቅ መብት አለው።

እጅ ተፈታ፤ ልብስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ እጅ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ እያወሩ መንዳት በትራፊክ ደንባችን ያስቀጣል። እጅን ነፃ ማውጣትም ትንሽ ነገር አይደለም። ስልኩን ከኪስ ሲፈልጉ ዓይን ከመንገድ ይነሳል፤ በአንድ እጅ መሪ ሲጠመዘዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሪሌና በአንድ ማይክ ይቀራል።

ነገር ግን አማርኛችን አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰውን ለማስጠንቀቅ «ዓይንህን ክፈት» ብቻ አንልም፤ «ልብ በል» እንላለን። ዓይን ከፍቶ ልብ ያላለ ሰው አላየም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች አደጋ የደረሰባቸውን ሾፌሮች የስልክ ሂሳብ ከአደጋው ሰዓት ጋር አስተያይተው፣ በስልክ እያወሩ መንዳት የግጭትን ዕድል አራት እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ አሳዩ። ብዙ ሰው ያልጠበቀው ሌላው ግኝታቸው ነበር፤ ስልኩን በእጅ ባለመያዝ የተገኘ ጥበቃ አላዩም። በዩታ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ስትሬየር ቡድን ደግሞ በመንዳት ማስመሰያ ላይ ሰዎችን ሲፈትን፣ በስልክ የሚያወሩት ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈበትን ነገር ሳይቀር እንዳላስተዋሉት አገኘ።

«ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልዩነቱን ረጅም መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎን የተቀመጠው ሰው መንገዱን ያያል። አህያ ሲሻገር ወሬውን ይቆርጣል፤ «ኧረ ቀስ!» ይላል። የደዋዩ ዓይን ግን ቤቱ ነው። አንተ ጠመዝማዛው ላይ ሆነህ እሱ ስለ ሰርጉ ድንኳን ይጠይቅሃል፤ ዝም ስትለው «አትሰማኝም እንዴ?» ይላል።

«ከጎን የተቀመጠው መንገዱን ያያል፤ የደዋዩ ዓይን ግን ቤቱ ነው።»

ሰላምታችን ረጅም ነው

በእኛ ዘንድ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም አለ። ስልክ አለማንሳት ንቀት ይመስላል። እናት ደውላ ያላነሳ ልጅ ማታ መልስ ይጠየቃል። ያነሳ ደግሞ በአጭሩ ሊዘጋ አይችልም። «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ልጆቹስ? ሚስትህስ? ሥራስ?» እያንዳንዱ ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይፈልጋል። እኔ ይህን ሰላምታ እወደዋለሁ፤ ሰውን ሰው የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥር ሰከንድ የፈጀ ሰላምታ 140 ሜትር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዜብራ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ድንገት በሩን የሚከፍት ታክሲ አለ?

ይህ ጣጣ ከአገር ስንወጣም አብሮን ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትን በሕግ ከልክላለች። የጆሮ ማዳመጫው ሕጉን ያሟላል። ልቡ አገር ቤት ካለ ለቅሶ ወይም ከአንድ የቤተሰብ ክርክር ጋር ሆኖ መብራት የሚጠብቀውን ሾፌር ግን ሕጉም፣ ማዳመጫውም አይደርሱለትም።

ታዲያ ሽቦው ከንቱ ነው? እኔ እንደዚያ አላምንም። ሰው ስልክ ማንሳቱን ነገ ጠዋት አያቆምም፤ የሚያነሳው በትከሻው ከሚሆን በስፒከሩ ይሁን። ሽቦው ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ወጣቱ ባለሙያ ሊገጥመው አይችልም፤ የሚገጥሙት ሾፌሩና የሚደውሉለት ሰዎች ናቸው። ሾፌሩ በጥሪ ጊዜ የሚናገራት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። ደዋዩ ደግሞ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ መናቅ ሳይሆን መጠበቅ እንደሆነች ማወቅ አለበት።

ሰኞ ማለዳ

ሰኞ ዕለት አዛውንቱ ከጎናቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሞልተዋል፤ ረዳቷ ከበሩ አጠገብ ሆና የምሳ ዕቃ ትቆጥራለች። ሬዲዮው በዝቅታ አንድ የድሮ ዘፈን ይዟል።

ቅዳሜ ከሱቁ ሲወጡ አንድ ነገር አድርገው ነበር። ለወላጆቹ ሁሉ በየተራ ደውለው የረዳቷን ቁጥር ሰጥተዋል። «የልጆቹን ነገር ለእሷ ንገሯት፤ እኔን የምታገኙኝ ስቆም ነው» ብለዋቸዋል። አንዳንዱ እሺ አለ፤ አንዳንዱ ደስ አላለውም።

አደባባዩን ልንገባ ስንል ሪሌው ቀጭ አለ። ሬዲዮው ዝም፤ ጥሪው በበሩ ስፒከር መጣ። አዛውንቱ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ ከመሪው አጠገብ የተለጠፈችውን ትንሽ ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ነኩ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ፤ ደህና አደሩ? እንዴት ነው ሰፈሩ?» የአንዲት እናት ድምፅ ነበር።

«ልጆቹን ይዤ እየነዳሁ ነው፣ ልጄ። ስቆም እደውላለሁ።»

ጥቂት ጸጥታ ሆነ። ቅር የተሰኘች መሰለኝ። ከኋላ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ የሰማችውን ድምፅ ለይታ «እማዬ ናት!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ በማይኩ ከዚያ ወገን ተሰማች መሰለኝ፣ የእናትየው ድምፅ ተለወጠ።

«እሺ ጋሼ። እሺ፤ ቀስ ብለው ይንዱ።»

ቀጭ። ዘፈኑ ካቆመበት አልፎ ከመሀሉ ተመለሰ። አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ ሳያነሱ ከግራ ለሚመጣው አውቶቡስ ቅድሚያ ሰጥተው አደባባዩን ዞሩ።